ስባሪው የት ገባ

ኦሮራ፣ አሜሪካ፣ ጥቅምት 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለሮማን፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ልጄ ሊዲ ከሥራ ቦታዋ በወረቀት አትማ አመጣችልኝ፤ የሰው የእጅ ጽሑፍ በስልክ ላይ ማንበብ እንደማልወድ ታውቃለች። መልሱን በማዘግየቴ ይቅር በይኝ። ያዘገየሁት እምቢ ለማለት ሳይሆን የጠየቅሽኝን በደንብ መሥራት መቻሌን ሳላውቅ እሺ ማለት ስላልፈለግኩ ነው። አሁን ይፈትኑልኝ ያልሽኝን የበቆሎ መፈልፈያ ማሽን አይቼዋለሁ። እችላለሁ።

በመጀመሪያ ስለ ሰውየው ላልሽው። ዳኛቸው የነገሌ ልጅ ነው፤ ግን እንደ አንቺ የኔ ተማሪ አልነበረም፤ እኔ እዚያ ሳልመደብ ነው ከአገር የወጣው። ከፒዮሪያ ስትሪት ጀርባ አነስተኛ ጋራዥ አለው፤ መኪና ይጠግናል። ማሽኑን ያገኘው ከኤርፖርቱ ባሻገር ካለው የእርሻ አገር ነው። አርጅቶ ስለነበር ገበሬው ሊጥለው ነበር። ዳኛቸው ሁለት ዓመት ሙሉ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሲፈታውና ሲገጥመው ኖረ፤ አሁን ይሠራል። በቆሎው ከነራሱ ከላይ ይገባል፤ በውስጡ የሚሽከረከር ጥርሳም በርሜል ይፈለፍለዋል፤ ቆረቆንዳው በአንድ በኩል ይወጣል፤ ፍሬው ደግሞ በወንፊቶች አልፎ ትልቁ፣ መካከለኛውና ትንሹ ለየብቻ ይወርዳል። የነገሌ ተወላጆች ማኅበር ከገና በኋላ በሚልከው ኮንቴይነር ለእናንተ የዘር ማኅበር ሊልከው አስቧል፤ በነጻ።

«ጋሼ፣ ለነጻ ነገር ደግሞ ምን ፈተና ያስፈልገዋል?» አለኝ። የተገዛውንማ ገዢው ራሱ ይመረምረዋል፣ ፈተና የሚያስፈልገው በነጻ የመጣው ነው አልኩት። ሳቀና ወንበር አቀረበልኝ።

እንዴት እንደምፈትነው ለኮሚቴሽ ንገሪያቸው። ከዚያው ገበሬ ከነራሱ የደረቀ በቆሎ እናመጣለን። ሳይገባ እንመዝናለን፤ ከወጣ በኋላ ፍሬውን፣ ቆረቆንዳውንና ገለባውን ለየብቻ እንመዝናለን። ቆረቆንዳው ላይ ሳይፈለፈል የቀረውን አያለሁ። ከፍሬው ናሙና ወስጄ ስባሪውን እቆጥራለሁ። ወንፊቱ ትልቁን ከትንሹ በትክክል መለየቱንም እመረምራለሁ። ይህን ሁሉ ደጋግሜ ካላደረግኩ በስተቀር አልፈርምም። አንቺ ደግሞ የእናንተ በቆሎ ፍሬ ምን ያህል እንደሚሰፋ፣ ምን ያህል እንደሚደርቅና ባለፈው ዓመት ዘራችሁ ለምን እንደተመለሰ ጻፊልኝ።

ኑሮ እንዴት ነው ላልሽኝ፣ ደህና ነኝ። ቤቱ ይሞቃል። ሊዲ ሆስፒታል ነው የምትሠራው፤ ባሏ ኢዮብ ከኤርፖርት ሰው ያመላልሳል። ከክረምት ወዲህ የኢዮብ እናት ወይዘሮ አረጋሽም ከእኛ ጋር ናቸው። ልጆቹ ሥራ ሲሄዱ ሁለታችን ቀኑን ሙሉ ቤት እንውላለን። ያገናኘን የልጆቻችን ጋብቻ ስለሆነ እንከባበራለን። በጣም እንከባበራለን። እርሳቸው ሳሎን ሲሆኑ እኔ መኝታ ቤት እሆናለሁ፤ እኔ ሳሎን ስወጣ እርሳቸው ይገባሉ።

ያስተማርኩሽ፣
ምናሉ

አርሲ ነገሌ፣ ጥቅምት 22 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበሩ መምህሬ ለጋሽ ምናሉ፣

በዚህ ዕድሜዎ፣ ያውም በሰው አገር፣ በቆሎ ስለማስቆጥርዎ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። እሺ ሲሉኝ ግን እንዴት ደስ እንዳለኝ! ሊቀመንበራችን «አሜሪካ የተቀመጠ ሰው የኛን በቆሎ ምን ያውቃል?» ሲል ለኮሚቴው ምን እንዳልኩ ልንገርዎ? «እኔን በግማሽ ማርክ የጣሉኝ ሰው ናቸው። ማሽኑንም በግማሽ ፍሬ ይጥሉታል፤ አያዳሉም» አልኳቸው። ተቀበሉኝ። በስልክ የተነገረ ነገር ግን ፋይል ውስጥ አይገባም ስላሉ ሁሉም በወረቀት፣ በፊርማዎ ይሁንልኝ።

የጠየቁኝን አድርጌያለሁ። ፍሬ በማስመሪያ ላይ ደርድሬ ለካሁ፤ ልኩን ከታች አስፍሬዋለሁ። የኛ ከእናንተ ሳያንስ አይቀርም። የሚደርቀው በፀሐይ ነው፤ ጥርስ ሲነክሰው «ቀጭ» እስኪል እናቆየዋለን።

ዘራችን ለምን ተመለሰ ላሉኝ፣ ያው የምናውቀው ነው። ማሽን ስለሌለን በቆሎውን ጆንያ ውስጥ ከተን በዱላ ነው የምንወቃው። ከላይ ሲያዩት ደህና ይመስላል፤ ውስጡ ግን ይሰነጠቃል። ገዢው ለሙከራ ሲዘራው ግማሹ አልበቀለም። ያን ሰሞን ከአባላቱ ብዙዎቹ ዘር ማባዛቱ ይቅርብን፣ እንደ ድሮው ለገበያ እንሽጥ ብለው ነበር። አንድ ዓመት ታገሱኝ ብዬ ለምኜ ነው ያቆየኋቸው። ዘንድሮም ያው በዱላ ነው። ለሚመጣው አዝመራ ማሽን ካላገኘሁ ማኅበሩ ይበተናል፤ ይህን ለእርስዎ አልደብቅም።

አሁን የሚያስጨንቀኝ ምን መሰለዎት? አንድ ድጋፍ ሰጪ ድርጅት ማሽን ለሚሰጣቸው ማኅበራት መዝግቦናል። ደንቡ ግን ለአንድ ማኅበር አንድ ማሽን ነው። ከሌላ የተቀበለ ከመዝገቡ ይሰረዛል። የምንፈልግ መሆን አለመሆናችንን እስከ ገና ማሳወቅ አለብኝ። የአቶ ዳኛቸው ማሽን ጥሩ ከሆነ ተገላገልን። ካልሆነ ግን በነጻ መጥቶ የቀረንንም ዕድል ይበላብናል። ከመቶ ፍሬ ከሁለት በላይ የሚሰብር ከሆነ ለዘር አይሆነንም።

ምግቡስ ይስማማዎታል? ብርዱስ?

የግማሽ ማርኳ ልጅዎ፣
ሮማን

ኦሮራ፣ ኅዳር 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለሮማን፣

ብርዱ ጀምሯል፤ ካፖርት አለኝ። ምግቡን በተመለከተ ሰሞኑን ነገሩ ተሻሽሏል። ወይዘሮ አረጋሽ ጠዋት ጠዋት የበቆሎ ቅንጬ እየሠሩ ጠረጴዛው ላይ ከድነውልኝ ወደ ክፍላቸው ይገባሉ። ለስለስ ያለ፣ ቅቤ የገባው፣ መልካም ቅንጬ ነው። ከየት አገኙት ብዬ ሳመሰግናቸው «ከቤት የተገኘ ነው» አሉኝ። ከዚያ በላይ አልተነጋገርንም።

ወደ ሥራው ልግባ። ፈተናውን ጨርሻለሁ። ሲፈለፍል ቆረቆንዳው ላይ የሚቀር ፍሬ ከምንም አይቆጠርም። ፍጥነቱ ከጠበቅነው በላይ ነው። ወንፊቱ ትልቁንና ትንሹን ደህና አድርጎ ይለያል፤ መካከለኛው ላይ ትንሽ ይቀላቅላል፤ ሁለት ጊዜ ማሳለፍ ይበቃዋል። ጋራዡ ቀዝቃዛና አቧራማ ስለሆነ ናሙናውን ቤት አምጥቼ በትሪ እያሰጣሁ ማታ ማታ ነው የቆጠርኩት። ስባሪው ከመቶ ፍሬ ግማሽ ፍሬ እንኳ አይሞላም። ከናሙናው ወስጄ በእርጥብ ፎጣ ጠቅልዬ አቆየሁት፤ በቀለ። ሁሉም በቀለ።

አንድ ነገር ግን አላስደሰተኝም። የገባው ክብደትና የወጣው ክብደት አይገጥሙም። ፍሬውን ቤት ውስጥ ቆጥሬ ከጨረስኩ በኋላ ነው የመዘንኩት፤ ከቆረቆንዳውና ከገለባው ጋር ተደምሮ ከገባው ያንሳል። ናሙናው ቤት ከተሰጣ በኋላ ስለደረቀ ነው ብዬ ጽፌዋለሁ። ሊሆን ይችላል። ፊዚክስ ሳስተምራችሁ የገባ ነገር ዝም ብሎ አይጠፋም እላችሁ ስለነበር ግን ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣም።

ከጋራዡ ጋር ተላምደናል። ጠዋት በአውቶቡስ እሄዳለሁ። ዳኛቸው ከመኪና ሥር ተኝቶ ያናግረኛል፤ ከእግሩ ጋር ነው የማወራው። «እኔ ፊክስ አደርጋለሁ፣ ጋሼ ፍሬ ይቆጥራሉ። ከሁለታችን ሥራ ፈቱ ማነው?» ይለኛል። እኔም መልሱን ከሪፖርቱ ጋር እሰጥሃለሁ እለዋለሁ። ምሳ ሰዓት ሲደርስ በልተዋል ወይ ብሎ ይጠይቀኛል። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ይህን በየቀኑ የሚጠይቀኝ ሰው አልነበረም። ይህ ለፋይል አይደለም።

የተፈረመው ሪፖርት ከዚህ ጋር ተያይዟል።

ምናሉ

አርሲ ነገሌ፣ ኅዳር 17 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለጋሼ፣

ኮሚቴው ፊት ቆሜ አነበብኩት። «ሁሉም በቀለ» የሚለው ላይ ስደርስ አጨበጨቡ። ሊቀመንበራችን እንኳ «አሜሪካኖች ብረት ያውቃሉ» አለ። የሠራው የነገሌ ልጅ ነው ብዬ አረምኩት።

የፊታችን ሰኞ ሐዋሳ ወርጄ ከድርጅቱ መዝገብ እንዲያወጡን እፈርማለሁ። እስከ ገና ለምን ትጠብቂያለሽ አሉኝ ኮሚቴዎቹ፤ ቦታውን ለሌላ ማኅበር ብንለቅ ጽድቅ ነው። እውነታቸውን ነው።

ጎደለ ያሉት ክብደት ግን አልገባኝም። የሚያሰጋ ከሆነ ይንገሩኝ። ካልሆነ ደስታዬን አልቀንሰውም።

ሮማን

ኦሮራ፣ ኅዳር 19 ቀን 2018 ዓ.ም.

ሮማን፣ ሰኞ እንዳትፈርሚ።

ሰላምታ ሳላስቀድም በመጀመሬ ይቅርታ። ስልክ ብሞክር አልገባ አለኝ። ይህ ወረቀት ከሰኞ በፊት እንዲደርስሽ ነው ሊዲን ከእንቅልፏ ቀስቅሼ ፎቶውን የላክሁት። የጻፍኩልሽ ሪፖርት ስህተት ነው። ከፋይሉ አውጪው።

የጎደለው ክብደት እረፍት ስለነሳኝ መድረቁ ብቻ መሆኑን ላረጋግጥ አሰብኩ። አዲስ ናሙና መዝኜ በትሪ አድርጌ ሳሎን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ፤ ማታ መልሼ ልመዝነው። ትናንት ግን እዚህ የምስጋና በዓላቸው ስለነበር ጋራዡ ዝግ መሆኑ መንገድ ላይ ትዝ ብሎኝ ሳልታሰብ ተመለስኩ። ወይዘሮ አረጋሽ ትሪውን ጭናቸው ላይ አድርገው መስኮቱ ጥግ ተቀምጠዋል። እየለቀሙ ነው።

ምን እያደረጉ እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ደንገጥ ብለው ተነሡ።

«ለአገር ቤት የሚላክ አይደለም እንዴ?» አሉኝ። «ስባሪ እየታየው ይላካል? ኋላ እዚያ ያሉት ሴቶች ‹የሚለቅም ሰው የላቸውም ወይ› ሲሉን?»

ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያመጣሁትን ትሪ ሁሉ ለቅመውታል። እኔ ጋራዥ ስሄድ ይቀመጣሉ፤ ከመምጣቴ በፊት ትሪውን ወደ ቦታው ይመልሳሉ። ስባሪውን የት እንደሚያደርጉት ጠየቅኋቸው።

«እህል ይጣላል እንዴ መምህር? ጠዋት ጠዋት ይበሉታል።»

ነገሩ ይኸው ነው። የማሽኑን ጥፋት እኔው በማንኪያ ስበላው ሰንብቻለሁ፤ አመስግኜም። ፎጣ ውስጥ የበቀለውም ስባሪው ተለቅሞ የቀረው ነው። ስለ ስባሪና ስለ መብቀል የጻፍኩት ቁጥር ሁሉ ዋጋ የለውም።

ልቆጣ አልቻልኩም። ምን እንደምሠራ ሳስረዳቸው የሰው ሥራ አበላሸሁ ብለው ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ አደረጉ። ጥፋቱ የኔ ነው አልኳቸው። እህል ቤት መካከል አስቀምጬ ለምን እንደሆነ ሳልናገር ጥዬ እየወጣሁ፣ እርሳቸው ምን ያድርጉ? አንድ ቤት ከገባን ወዲህ ይህን ያህል ስንነጋገር ትናንት የመጀመሪያችን ነበር።

እንደገና እጀምራለሁ። ውጤቱን ሳታይ ምንም ወረቀት ላይ እጅሽን አታኑሪ።

ምናሉ

ኦሮራ፣ ታኅሣሥ 2 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለሮማን፣

ደብዳቤዬ በጊዜ እንደደረሰልሽ ስትጽፊልኝ እፎይ አልኩ። ስለ ድካሜ የጻፍሽውን መልካም ቃል አንብቤያለሁ፤ አልደከመኝም።

አዲሱ ሪፖርት ተያይዟል። ናሙናውን በዚህ ጊዜ ማንም አልለቀመውም፤ ወይም በትክክል ለመናገር ወይዘሮ አረጋሽና እኔ አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠን አብረን ለቅመነዋል። እርሳቸው ስባሪውን በአንድ ሳህን፣ ደህናውን በሌላ ያደርጋሉ፤ እኔ እቆጥራለሁ። ስለ ባላቸው አጫወቱኝ። ሥራው ሲያልቅ ግን ጠረጴዛውን ጠረግንና እንደገና በየክፍላችን ገባን።

ከመቶ ፍሬ ዘጠኝ ይሰብራል። ደጋግሜዋለሁ፤ አይወርድም። በርሜሉ ከመጠን በላይ ይፈጥናል፤ ጥርሱም ባዶ ብረት ነው። የእናንተ በቆሎ ከዚህኛው የባሰ የሚደርቅ ስለሆነ ከዚህም ሊብስ ይችላል። ለምግብና ለመኖ መልካም ማሽን ነው። ለዘር አይሆንም። እንዲህ ብዬ ፈርሜያለሁ።

ለዳኛቸው ሳላሳይ ለአንቺ ብቻ እንድልክ ጠይቀሽኝ ነበር። ለእኔ አስበሽ እንደሆነ ገብቶኛል። ግን የተፈታኙ ውጤት ለሌላ ሰው ከመሄዱ በፊት ተፈታኙ ማየት አለበት። አንቺንም ያኔ ግማሽ ማርክ የጎደለሽ መሆኑን ቢሮ ጠርቼ ነው የነገርኩሽ።

ይዤለት ሄድኩ። እጁን በጨርቅ ጠረገና ቆሞ አነበበው። ሲጨርስ እንደገና ከላይ ጀመረ። ዘጠኙ ትክክል መሆኑን ጠየቀኝ፤ ትክክል ነው አልኩት። የመጀመሪያውን ውጤት ለተወላጆች ማኅበሩ ሰዎች ሁሉ ተናግሮ እንደነበር ነገረኝ፤ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሳይቀር እንኳን ደስ አለህ ብለውታል። እሑዶቹን ሁሉ ለዚህ ብረት መስጠቱን፣ ልጆቹ ጭምር እንዳኮረፉት ነገረኝ። ከዚያ ወረቀቱን አጠፈውና

«ጋሼ፣ ከእኔ ጋር የሰነበቱት ይህን ለመጻፍ ነው?» አለኝ።

አዎ ብል ውሸት ነው። አይደለም ብል ወረቀቱ እጁ ላይ ነው።

በመኪናው ቤት አደረሰኝ። በረዶ ጀምሮ ስለነበር በአውቶቡስ ልሂድ ብለው እሺ አላለም። መንገዱን ሙሉ ሬዲዮ ሰማን። ከዚያ ወዲህ አልደወለም። እኔም ጋራዥ የምሄድበት ምክንያት የለኝም።

ምናሉ

አርሲ ነገሌ፣ ታኅሣሥ 11 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለውድ መምህሬ፣

ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። ልጠይቅዎ የተነሣሁት ነገር ከባድ ስለሆነ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ስብሰባው። ሊቀመንበራችን «በነጻ የመጣ ማሽን በስባሪ ምክንያት ይመለሳል?» ብሎ ተነሣ። ግማሹ ደገፈው። እኔም የእርስዎን ደብዳቤ አንድ ሳላስቀር አነበብኩላቸው። ቅንጬው ላይ ስደርስ ሴቶቹ ሳቁ፤ እትዬ ጤናዬ የሚባሉ አባላችን «እኔም ብሆን እለቅመው ነበር። ለማያውቁት ሰው ስባሪ ልኮ ማን ይተኛል?» አሉ። ከዚያ በኋላ ማንም እርስዎን አልተጠራጠረም። ከድርጅቱ መዝገብ እንዳንወጣ ተወሰነ።

ነገሩ እዚያ ላይ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ሐሙስ ዕለት ግን ከአቶ ዳኛቸው አንድ ገጽ ወረቀት ደረሰኝ። ሰላምታ የለውም። የበርሜሉን ፍጥነት ቀንሻለሁ፣ ጥርሱን ጎማ አልብሻለሁ ይላል። ስባሪው አሁን ከመቶ ሁለት ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነው ይላል። ፊርማው አለበት።

ሊቀመንበራችን አሁን ይስቅብኛል። «መጀመሪያ ጥሩ፣ ቀጥሎ መጥፎ፣ አሁን ደግሞ ጥሩ። የቱን እንመን?» ይላል። እኔም አላውቅም። ሰውየው ተናዶ የጻፈው ይሆን? ቁጥሩ እኛ ካስቀመጥነው ገደብ ለጥቂት ዝቅ ማለቱ አስፈራኝ። እውነት ከሆነ ደግሞ ማሽኑ እጃችን ገባ ማለት ነው፤ የድርጅቱ ማሽን መቼ እንደሚመጣ ማንም አያውቅም፤ አባላቱም ሌላ ዓመት አይጠብቁኝም።

እንደተቀያየማችሁ ከደብዳቤዎ ገብቶኛል። እንዲታረቁ አልጠይቅዎትም፤ እሱ የኔ ጉዳይ አይደለም። ግን ይህኛውን አይተውታል? ካላዩት ሊያዩልኝ ይችላሉ? ከገና በፊት አንድ ቃል ይበቃኛል፤ ልቀበል ወይስ ልተው።

ስላስቸገርኩዎ ያፈረች፣
ሮማን

ኦሮራ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለሮማን፣

አትፈሪ። የጠየቅሽው ተገቢ ነው። አንድ ቃል ይበቃኛል ስላልሽ ቃሉን አስቀድሜ እጽፈዋለሁ፤ ተቀበዪው።

ምክንያቱን ደግሞ ለፋይሉ ላስረዳ።

ደብዳቤሽን ካነበብኩ በኋላ ወዲያው አልሄድኩም። ያላየሁትን አላየሁም ብዬ ልጽፍልሽ ወረቀት አውጥቼ ነበር። እንዲህ ብዬ ብጽፍ ሐሰት አይሆንም። ግን መሄድ እየቻልኩ አላየሁም ማለት መልስ አይደለም። ወይዘሮ አረጋሽ ካፖርቴን ስለብስ አይተው ወዴት ነው አሉኝ። ነገርኳቸው። ባዶ እጅዎን አይሂዱ ብለው ዳቦ ቋጠሩልኝ፤ የጾም ነው።

ዳኛቸው መኪና ሥር ነበር። ድምፄን ሲሰማ ወዲያው አልወጣም። ቆይቶ ወጣና እጁን ጠረገ።

«ሮማን ናት የላከችዎ?»

«ጠየቀችኝ እንጂ አልላከችኝም» አልኩት።

ዳቦውን ተቀብሎ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠው። ከዚያ ወደ ማሽኑ ሄደ። ፑሊው፣ ቺንጋው የሚዞርበት መንኮራኩር፣ በትልቅ ተለውጧል፤ ቺንጋውም አዲስ ነው። የበርሜሉ ጥርሶች አንድ ባንድ ከመኪና ጎማ በተቆረጠ ላስቲክ ተሸፍነዋል። ይህን በአንድ እሑድ እንዳልጨረሰው ያስታውቃል። ሰዓቴን አውጥቼ ሽክርክሪቱን ለካሁ፤ በጣም ቀንሷል። ያስቀመጠው ናሙና ካለ እንዲሰጠኝ ስጠይቀው ራሱን በእምቢታ ነቀነቀ። ከነራሱ ያለ በቆሎ የሞላበት ጆንያ ጎትቶ አመጣ።

«ከእጄ አይቀበሉ» አለኝ። «ከማሽኑ አፍ ይቀበሉ።»

ሞተሩን አስነሣው። ዘንቢሉን እኔ ራሴ ከወንፊቱ ሥር ደቀንኩ። ስንጨርስ እንደገና አስደገምኩት፤ ቀጥሎም ሌላ ጆንያ አስመጥቼ አስደገምኩት። አልተቃወመም። ወንበር ግን አላቀረበልኝም፤ ጎማ ላይ ተቀምጬ ቆጠርኩ። እሱ ወደ መኪናው ተመለሰ።

የኔ ቁጥር ከእሱ ያነሰ ሆነ። እሱ ለአንቺ የጻፈው ሁለት ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነው፤ እኔ ያገኘሁት ከአንድ ተኩል በታች ነው። እንደገና ቆጠርኩ፤ ያው ነው። ነገሩ ስላልገባኝ ሄጄ ከእግሩ ጋር ተነጋገርኩ። ቁጥርህ ከኔ ይበዛል፣ ራስህን በድለሃል አልኩት።

«ስንጥቁንም ቆጥሬዋለሁ» አለኝ። «ለዘር ሲሆን ስንጥቅም ስባሪ ነው ያሉኝ እርስዎ አይደሉም?»

ብዬው ነበር። ጥቅምት ውስጥ፣ ምሳ ስንበላ ብዬዋለሁ። እኔ ግን ዛሬ ስቆጥር ዓይኔ ደክሞ ጭረት ብቻ ያለበትን አሳልፌው ነበር። ወደ ጎማዬ ተመልሼ ፍሬውን በመብራት አቅጣጫ እያገላበጥኩ እንደ አዲስ ቆጠርኩ። የእሱ ቁጥር ትክክል ነው። ሮማን፣ በሪፖርቱ ላይ የኔን ሳይሆን የእሱን ቁጥር ጽፌ ነው የፈረምኩት። ለኮሚቴው ይህን ንገሪያቸው፤ ሊቀመንበሩ የቱን እንመን ካለሽ የዳኛቸውን በይው።

ለአሠራር የምታስቢያቸው ነገሮች። ፍጥነቱን ለመጨመር ፑሊውን የሚለውጥ ሰው እንዳይኖር፤ ቶሎ እንጨርስ የሚል አይጠፋም። ላስቲኩ ሲያልቅ በቶሎ ይተካ፤ ትርፍ ላስቲክ አብሮ ይጫናል። መካከለኛው ወንፊት አሁንም ይቀላቅላል፤ የእናንተ ፍሬ ትንሽ ስለሆነ ቀዳዳው ይሰፋዋል። የላክሽውን ልክ ለዳኛቸው ሰጥቼዋለሁ፤ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ አስገባው። ይሠራዋል ብዬ አምናለሁ፤ ግን ስላልነገረኝ እንደ ተስፋ እንጂ እንደ ውጤት አትያዢው።

ልሄድ ስል ሪፖርቱን ሰጠሁት፤ አነበበው፤ መለሰልኝ። ቁጥሩ የእሱ መሆኑን አይቷል። ላድርስዎ አላለኝም፤ እኔም አልጠበቅኩም። ኮንቴይነሩ ከገና በኋላ ቅዳሜ ይጫናል። እንድገኝ አልተነገረኝም።

ፒዮሪያ ላይ አውቶቡስ ስጠብቅ ቆየሁ። የትናንቱ በረዶ ላይ ፀሐይ ወጥቶበት ዓይን ያስጨፍናል። የዳኛቸው ፒክአፕ ከጀርባው መንገድ ወጥቶ በፊቴ አለፈ። የትራፊክ መብራቱ ቀይ ስለሆነበት ቀስ ብሎ ነበር የሚሄደው። ወደ እኔ በኩል እጁን አነሣ። ሰላም ሊለኝ ይሁን ፀሐዩን ሊከልል አልለየሁም። ስላልለየሁ ሪፖርቱ ውስጥ አላስገባሁትም።

ምናሉ